«ፒፒኢ ተቀብያለሁ»

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት እንደገባች፣ «እማ፣ ዩኒቨርሲቲ ፒፒኢ ላጠና አፕላይ አደረግኩ» አለችኝ።

«ጓንትና መነጽር ደግሞ ምን ጥናት አለው?» አልኳት ግራ ገብቶኝ።

ሳቀች። ለካስ የእሷ ፒፒኢ ፍልስፍና፣ ፖለቲካና ኢኮኖሚክስ ነው። እኔ የማውቀው ሌላውን ነው፤ የተማርኩትም ለንደን፣ ሃርልስደን አጠገብ ባለ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ከፊንስበሪ ፓርክ ተነስቼ አውቶቡስ እየቀያየርኩ፣ የቀለጠ በረዶ እየረገጥኩ እሄዳለሁ። በሩ ጋ ስደርስ ትኩስ ዳቦ ይሸተኛል። ያን ሽታ፣ ያ ሁሉ ሆኖም፣ ዛሬም እወደዋለሁ።

ሥራዬ የመጋገሪያ ትሪዎችን በኬሚካል ማጠብ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ጠዋት ጠዋት «ፒፒኢ ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ያስፈርመናል። የመግቢያ ፈቃድ ነገር መስሎኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈረምኩ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ በዚያው ሳምንት ሥራ የጀመሩት እትዬ ሮማን የተላጠውን እጄን አዩት። አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ።

«ጓንትሽስ?»

«ማን ሰጠኝ፣ እትዬ?»

«ታዲያ በየቀኑ ተቀበልኩ ብለሽ የምትፈርሚው ምኑን ነው?»

ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፈቱልኝ። የግል መከላከያ ማለት ነው፤ ጓንት፣ መነጽር፣ ሽርጥ። ከቁስሌ ይልቅ ያንገበገበኝ በገዛ ፊርማዬ መዋሸቴ ነበር።

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን ሲዘረጋልኝ «አልፈርምም» አልኩት።

«ካልፈረምሽ ሥራ የለም።»

ያን ሥራ ለማግኘት አራት ወር ተንከራትቻለሁ። ግን ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋሁት። «ጓንቱን አምጣ፣ እፈርማለሁ።»

እትዬ ሮማን እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መለሱት። «እኔም አልፈርምም» አሉ። ከኋላቸው የነበሩትም ተከተሉን። ያልታጠበ ትሪ እስከ ጣሪያው ተቆለለ፣ መጋገሪያው ቆመ። ምሳ ሳይደርስ ጓንቱም፣ መነጽሩም፣ ሽርጡም በካርቶን መጣ። ለክቼ ተቀበልኩና ፈረምኩ።

በሳምንቱ አባረሩኝ። እትዬ ሮማን ከነጓንታቸው እስከ በሩ ሸኙኝ፤ አቅፈው ሳሙኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

«ዝም ብትዪ ኖሮ ትቆዪ ነበር» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እቆይ ነበር። አልተጸጸትኩም። ዛሬም የትኛውም ቢሮ ወረቀት ሲያቀርቡልኝ፣ ሰውዬው ሰዓቱን እያየ ቢቁነጠነጥም፣ ወንበር ስቤ እቀመጥና ከላይ እስከ ታች አነባለሁ።

ይጠብቅ።