የወለተ ሥላሴ ቁጥቋጦ

ወለተ ሥላሴ በደርግ ዘመን፣ አንኮበር ወረዳ ጎረቤላ ውስጥ አብራኝ የምታስተምር የሳይንስ መምህርት ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አረንጓዴ ክንፍ ያላት የእሳት እራት ተከትላ ከከተማው በታች ያለውን ቁልቁለት ወረደች። የእሳት እራቷ ያረፈችባትን ቁጥቋጦ ግን ከዚያ በፊት አይታት አታውቅም። ቅጠሏን አዲስ አበባ ድረስ ወስዳ ለአንድ የዕፅዋት ባለሙያ አሳየች።

«አበባዋን አምጪልኝ፤ ያለ አበባ ስሟን መናገር አልችልም» አላት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከደወል በፊት ትወርዳለች። ቁጥቋጦዋ እንዳትጠፋባት ከነጠላዋ ጥለት ቀይ ክር መዝዛ አሰረችባት። ያየ ሁሉ ሌላ ጠረጠረ፤ በማለዳ ብቻውን ወርዶ ቅጠል ላይ የሚያጎነብስ ሥር ማሽ እንጂ ማን ነው? ወሬው አባቷ መምሬ ወልደተንሣኤ ጆሮ ገባ።

«ወለቴ፣ የቄስ ልጅ መድኃኒት ታደርጋለች አሉኝ። በማን ላይ ልታደርጊ ነው?»

«አባዬ፣ አበባ ነው የምጠብቀው።»

«ሥር ማሾቹም እንዲሁ ነው የሚሉት!»

በግንቦት የገበሬ ማኅበሩ ለባሕር ዛፍ ችግኝ ቁልቁለቱን መመንጠር ጀመረ። እንቡጦቹ ገና አልፈኩም። እኔና እሷ ተያይዘን ስንወርድ ቆፋሪዎቹ ቁጥቋጦዋ ዘንድ ቆመዋል። መሪያቸው ዓወል፣ የአልዩ አምባ ሰው፣ ወደ እሷ ዞረ።

«መምህርት፣ ክር ያሰርሽባትን ማን ይንካ? ወላሂ፣ እጃችን ይደርቃል ብለው እምቢ አሉኝ።»

ዝም ብትል ቁጥቋጦዋ ትድን ነበር። በክርኔ ጎሸም አደረግኋት። እሷ ግን ክሩን ፈታ ኪሷ ከተተችው።

«መድኃኒት አይደለችም። ምን እንደሆነች አላውቅም፤ የምጠብቃትም ለዚያው ነው። ፈርታችሁ ብትተዉልኝ ነገ ልጆቻችሁን ምን ብዬ አስተምራለሁ?»

ዓወል ሳቀ። «ስሟን ለማታውቂያት ነው እንዲህ የምትመላለሺው? እንግዲያው ትቆረጣለች። ጉድጓዱ በመስመር ነው የታዘዘው።»

«በሷ ቦታ የሚቆፈሩትን ጉድጓዶች ከወዲያ በኩል እኔ እቆፍራለሁ። ዶማ ስጡኝ።»

ሰጧት። መሬቱ ድንጋይ ነው። መዳፏ ውኃ ቋጥሮ ፈነዳ፤ ነጠላዋን ቀድዳ ጠመጠመችበትና ቀጠለች። ልተካት ብል ገፋችኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓወል ጉድጓዶቹን በዶማ እጀታ ለካ።

«የሷ ከኛ ይጠልቃል እኮ!» ብሎ ሰዎቹን አሳቀና መስመሩን ከቁጥቋጦዋ ወዲያ አሻገረው።

አበባዋ በሰኔ ፈካች፤ ትንሽ፣ ሐመር ቢጫ። ወለተ ሥላሴ አንድ ዘለላ በጋዜጣ ጠቅልላ በዚያው ቀይ ክር አሰረችው። ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው መኪና ላይ ስትሳፈር ዓወል ከመንገዱ ዳር ጮኸ፦

«ስሟን ሳትይዢ እንዳትመለሺ!»

ይዛ ተመለሰች። ለአባቷም ለእኔም ከመንገሯ በፊት ቁልቁለቱን ወርዳ ለቆፋሪዎቹ ነገረቻቸው።