ምት ያዡ ሙሉጌታ

ዲላ ካለው የቡና መቀሸሪያ ማሽን አጠገብ ያሳለፋቸው ዓመታት የሙሉጌታን ጆሮ ቀስ በቀስ ወሰዱበት። መጀመሪያ የቀኙ ሄደ፤ የግራውም እየራቀ እንደሚጣራ ሰው ድምፅ ሆነ። ለማንም አልተነፈሰም። በየሠርጉ ሦስት ጊታር ይዘው ሲዞሩ ጓደኞቹን ምት የሚያስይዛቸው እሱ ነውና፣ ካወቁ ይተዉኛል ብሎ ፈራ። ሳምንቱን የማሽኑን አቧራ ሲውጥ ከርሞ እንደ ሰው የሚያቆመው ያ የጊታር ጨዋታ ብቻ ነበር።

ከበሮ መቺያቸው ወደ ሐዋሳ ከሄደ ወዲህ ሸክሙ ሁሉ በእሱ ሪትም ጊታር ላይ ወድቋል። ዜማውን የምትጫወተው ተማሪዋ ኤልቤቴል ጣቷ ችኩል ነው፤ ቤዝ ጊታሩን የያዘው ባለሱቁ ሙሐሲን ደግሞ ረጋ ያለ። የሚያስማማቸው የሙሉጌታ ቆጠራ ነው። የሠርጉ ጭፈራ ስልት፣ ችክችካ፣ ስድስት ምት አለው፤ አንድና አራት ላይ ጠንከር ብሎ ይመታል። አንዱ አንድ ያለውን ሌላው አራት ካለው፣ ማንም ሳይሳሳት ዘፈኑ ይገለበጣል።

የሚለማመዱት ከሙሐሲን ሱቅ በላይ ባለው ጣውላ ወለል ክፍል ነው። ሙሉጌታ ጫማውን አውልቆ ይቆማል። የቤዙ ንዝረት በጣውላው አልፎ ውስጥ እግሩን ሲነካው ያለበትን ያውቃል።

«ሙሌ ቤቴን መስጊድ አደረገው» እያለ ሙሐሲን ይቀልድበታል።

ወናጎ የተጠሩበት ሠርግ ግን ዳሱ የተጣለው ሣር ላይ ነበር። ሙሽሮቹ ሲገቡ ኤልቤቴል ዜማውን አቁማ እንደገና አነሳችው። ሙሉጌታ እግሩን መሬት ላይ ጫነ። መሬቱ ዝም አለው። ገምቶ ገባ፤ ሌሎቹ አንድ ያሉትን እሱ አራት አለው። እስክስታ ሲመቱ የነበሩት ትከሻቸውን እንደሰቀሉ ቀሩ።

«ኧረ እናንተ ልጆች» አሉ አንዲት የሙሽራው አክስት፣ «ለየትኛችሁ ልምታ? ያለኝ ሁለት ትከሻ ነው።»

ሰው ሳቀ። ሙሉጌታ መሳቃቸውን ያወቀው ጥርሳቸውን አይቶ ነው።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ሙሐሲን በቀኙ ተቀምጦ፣ «አሞህ ነው እንዴ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀው። ሙሉጌታ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየቱን ቀጠለ። ከፊት የተቀመጠችው ኤልቤቴል ዞራ አየችው።

«ጋሽ ሙሌ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አይሰማህም አይደል?»

ሊዋሽ ፈልጎ ነበር። አቅም አጣ።

«ማሽኑ ነው» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች ኤልቤቴል።

«ጫማ ማውለቅ ከጀመርኩ ወዲህ።»

ሙሐሲን ከመቀመጫው ብድግ አለ። ከዚያ ወደ ግራ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «እኔ ደግሞ እግርህን አየር ልታስነካው መስሎኝ ሽታውን ችዬ!» አለው። ቀጥሎም፣ «ከእንግዲህ ኤልቤቴል ትቁጠር። አንተ እሷን እያየህ ተከተል።»

«ታስሮጣችኋለች።»

«እንሮጣለና። አንተም አብረህ ትሮጣለህ።»

ይርጋጨፌ በነበረው በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ሙሉጌታ ፊቱን ወደ ኤልቤቴል አዙሮ ቆመ። እጇን አላየም፤ የጫማዋን ጫፍ እንጂ። ጫፉ ሲወርድ ገባ። እንደፈራውም ግማሽ ላይ ስትደርስ ፈጠነች። ድሮ ቢሆን የጊታሩን ክር ጠንከር አድርጎ እየመታ ይመልሳት ነበር። አሁን ዝም ብሎ ተከተላት። ሁሉንም እየጎተተ የኖረ ክንዱ ቀለለው። መድከሙንማ ያውቅ ነበር፤ የድካሙን ልክ ግን ያወቀው ያን ቀን ነው።