ሥራው እስኪያልቅ

በጣልያን ጊዜ የጣርማ በር ዋሻ ሲቆፈር ሲሚንቶ በበቅሎ አመላልሼ ነበር። ይህን የምነግረው ሰው ሁሉ ያዝንልኛል፤ እኔ ግን ያን ሰሞን ባስታወስኩ ቁጥር ሳቄ ይመጣል።

ያለችኝ አንዲት በቅሎ ናት። እንጀራዬ ብቻም አልነበረችም፤ በጥር ወር ሙሽራዬን ከአንኮበር የምታመጣልኝም እሷው ናት። አማቼ «ልጄ በእግሯ አትሄድም» ብለው አስቀድመው ተናግረዋል፤ እሳቸው ደግሞ አንዴ ከተናገሩ ተናገሩ ነው። ስለዚህ ከአሠሪው ጣልያን ጋር ስዋዋል አጥብቄ የጠየቅሁት «እስከ መቼ ነው?» ብዬ ነበር። አስተርጓሚው የሰላ ድንጋይ ሰው ነው፤ ካፖርት ለባሽ፣ ጨዋታ አዋቂ። «ሁለት ሳምንት ነው፤ ከዚያ በቅሎህን ይዘህ ወደ ቤትህ» አለኝ። ወረቀት ቀረበ፤ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍኩበት።

ሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ሞላ። ሠርጌ እሑድ ነው። ጭነቴን አራግፌ በቅሎዬን ስስብ አሠሪው ወረቀቱን እያወዛወዘ መጣ።

አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ፣ «ወረቀቱ የሚለው ‹ሥራው እስኪያልቅ› ነው ይልሃል» አለኝ።

«የትኛው ሥራ?»

«ዋሻው።»

ቀና ብዬ ዋሻውን አየሁት። ገና ፍየል አያስገባም። በዚህ አያያዝ እኔ የማገባው ሸብቼ ነው። ደሜ ፈላ። አሠሪው ልጓሟን ይዞ ሊሄድ ሲል «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ።

በኛ አገር ይህን የሰማ ሰው ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ ሌባ እንኳ ሲሮጥ ይቆማል። ጣልያኑ ግን በቅሎዬን እየጎተተ መንገዱን ቀጠለ። ለካ ሕግም አስተርጓሚ ያስፈልገው ኖሯል! ቀጥ ብሎ የቀረው አስተርጓሚው ነው። አሠሪው ዞሮ ጠራው፤ ወይ ፍንክች።

«አንተን መቼ አልኩህ? እሱን ነው እንጂ» አልኩት።

«የሰማሁት እኔ ነኛ! አምላክ የተጠራበትን ቃል ሰምቼ ወዴት እሄዳለሁ?»

ጊዜ አላጠፋሁም። የጋቢዬን ጫፍ ከካፖርቱ ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት የሚሄዱት እንዲህ ተቆራኝተው አይደል? ዳኛ ደግሞ ከመንገድ አይጠፋም። ከአሊዩ አምባ በርበሬ ጭነው የሚያልፉ ሽማግሌ ነጋዴ አስቆምንና ፍረዱን አልናቸው።

«ወረቀቱን አንብበህለታል?» ብለው አስተርጓሚውን ጠየቁት።

«እናገራለሁ እንጂ ማንበብስ አልችልም» አለ ጫማውን እያየ። «አሠሪው ግን በአፉ ሁለት ሳምንት ነው ያለኝ። እውነቴን ነው፣ አባባ።»

«ሱብሃነላህ! አንዱ ሳያነብ አስማማ፣ አንዱ ሳይሰማ ፈረመ። ቃሉ የወጣው ካንተ አፍ ነው፤ በቅሎዋ እስክትለቀቅ ከዚህ ሰው እንዳትፈታ» ብለው ፈረዱ።

አስተርጓሚው እንደተቋጠረ ለአሠሪው ረዘም ያለ ነገር ነገረው። ያን ጊዜ ሰው በትንሹም በትልቁም ይገደል ነበር፤ ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። አሠሪው ቋጠሮውን አየ። ትእዛዝ የሚጠብቁትን ሠራተኞች አየ፤ ቋንቋውን የሚሰማ አንድም የለም። ኋላ እያጉረመረመ ልጓሙን ወረወረልኝ።

«ምን ብትለው ነው?» አልኩት።

«እዚህ አገር የቋጠረኝ እስኪፈታኝ የሱው ነኝ አልኩት። ምረጥ፤ በቅሎዋን ነው ወይስ አፍህን?»

አቅፌ ሳምኩት። ከደስታዬ ብዛት እንባዬ መጣ። ጋቢዬን የፈታሁት ግን ሠርጌ ላይ እንደሚገኝ ካስማልኩት በኋላ ነው።

እሑድ አማቼ ቤት ደብተራው የጋብቻውን ውል ጽፎ ቀለም አቀረበልኝ። አውራ ጣቴን ጋቢዬ ውስጥ ሸሸግኩ።

«መጀመሪያ ይነበብልኝ» አልኩ።

የአማቼ ፊት ጠቆረ። ቢሆንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነበበልኝ።

«እስከ መቼ እንደሆነ ግን አይልም» አልኩ።

አስተርጓሚው ከእንግዶቹ መሃል ጠላውን አስቀምጦ፣ «ሥራው እስኪያልቅ ነዋ!» አለ።

ከዓይነ ርግቡ ሥር ሳቅ ሰማሁ። የሙሽራዬን ድምፅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጣቴን አውጥቼ ቀለሙ ውስጥ ነከርኩት።