አንቺ እስኪለኝ

እኛ ድሬዳዋ ያደግን ሰዎች «አንቱ» ማለት አይሆንልንም። የሰፈር ሽማግሌ ይሁን የመሥሪያ ቤት አለቃ፣ ሁሉም «አንተ» ነው፤ የሚቀየም ካለም «አቦ አታካብድ!» ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ነርስ ሆኜ በምሠራበት ሆስፒታል አንድ ቁስለኛ ወታደር ከአልጋው ቀና ብሎ «እትዬ፣ የሚያክሙኝ አንቱ ነዎት?» ሲለኝ፣ ከኋላዬ ትልቅ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም። እትዬ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ! ተናደድኩ፣ ወላሂ።

ጦርነቱ የተፋፋመበት ጊዜ ነበር። ከግንባር የሚመጡ ቁስለኞች በዝተው እኛም ዘንድ ደርሰዋል። የሱ ባት በፍንጣሪ ተቦድሷል። የመንዝ ገበሬ ልጅ ነው፤ ወታደር እስከሆነበት ቀን ድረስ ከበሬና ከሞፈር ሌላ አያውቅም። በብርድ ያደገ ሰው የድሬ ሙቀት ላይ ሲወድቅ ጊዜ፣ ከቁስሉ ይልቅ ላቡ አስጨነቀው።

«ፋሻህን ልቀይር ነው፣ ድሬሲንግ» ስለው ትንሽ አሰበና፣ «ድሬ ላይ ስለሚሠራ ነው እንዲህ የተባለው?» አለኝ። የሚቀልድብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። የምሩን ነው።

ፋሻው ቁስሉ ላይ ደርቆ ተጣብቋል። «አቦ! ምን እንዲህ ያጣብቀዋል?» አልኩ ለራሴ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ «ይስሙዎት» አለ። በማግስቱ ደም ሥሩ አልገኝ ሲለኝ «አቦ!» አልኩ፤ «ይስሙዎት» አለ። በሦስተኛው ቀን፣ «የአቦ ማኅበርተኛ ነዎት አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። «እኛም ቤት በወሩ በአምስት የጻድቁ ዝክር ታጉሎ አያውቅም።»

ጉድ ፈላ! የኛ «አቦ» እኮ «ኧረ ባክህ» ማለት ናት፤ ስንደሰትም ስንበሳጭም እንላታለን። እሱ ጻድቁን አቦን እየጠራሁ የማክመው መስሎታል። እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ግን እንደዚያ አምኖ እግሩን ሲሰጠኝ ደስ አለኝና ዝም አልኩ። ዝም ስል ወሬው ክፍሉን አዳረሰ፤ ቁስለኛው ሁሉ መርፌ በመጣ ቁጥር «ያቺን ጸሎተኛ ጥሩልን» ማለት ጀመረ። እናቴ ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር።

ያጋለጠኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ወታደሬ በምርኩዝ መራመድ ሲጀምር፣ ከሥራ ስወጣ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ጥላ ሥር አለማምደው ነበር። አንዳንዴ እስከ ደቻቱ ወንዝ ድልድይ እንዘልቃለን፤ የደረቀውን አሸዋ ቁልቁል አይቶ «ድልድዩን ሠርታችሁ ወንዙን ረሳችሁት?» ብሎ አስቆኛል። አንድ ቀን መንገድ ስናቋርጥ ባጃጅ መጣችብን። ሹፌሩ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። «አቦ ዞር በል፣ አንተ ደንባራ!» ብሎ ጮኸበት። ወታደሬ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ሹፌሩን አየ፤ እኔን አየ። «ይኼም ማኅበርተኛ ነው?» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን ሳቀ። ምርኩዙ ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። እቅጩን ልናገር፣ የወደድኩት ያን ቀን ነው።

«በል፣ ከተዋወቅን እንግዲህ አንቺ በለኝ» አልኩት።

«አይሆንም።»

«አቦ አታካብድ! ለምን?»

«አንቺ የምለው የራሴን ሰው ነው። እናቴን፣ እህቴን፣ ወደፊት ደግሞ ሚስቴን። አንቱ የኔ ነዎት?»

ጎንበስ ብዬ የወደቀውን ምርኩዙን አነሳሁለት።

ቁስሉ ጠገገ። የምታክመው ሰው ቶሎ እንዳይድን የተመኘች ነርስ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ መዳኑ ወደ ግንባር መመለሱ ነበራ። የሚሄድበት ጠዋት፣ መኪናው በሩ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቀው፣ «አሁን እንኳ በለኝ» አልኩት። እንባዬ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«አሁን ብልዎትና ብቀር ምን ይሆናሉ?» አለኝ። «ቃሏን ይዣት ልሂድ። ስመጣ እልዎታለሁ።»

ሁለት ወር ያህል ደወለ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ክረምት ገባ፤ ያ የቀለደበት ደቻቱ ድፍርስ ጎርፍ እያገሳ ሲወርድ፣ ድልድዩ ላይ ቆሜ «ና እስቲ አሁን ቀልድ» አልኩ። ሰው እንዳያየኝ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ። አንድ ቀን የሌላ ቁስለኛ ፋሻ ተጣብቆ ሲያስቸግረኝ እንደልማዴ «አቦ!» አልኩና እጄ ቀጥ አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሬን ነበር። «አቦዬ፣ አደራህን፣ ያን ሰው መልስልኝ» አልኩ፤ ጻድቁንም አንተ ብዬ። ቁስለኛው ግራ ገብቶት ያየኛል።

ወራት አለፉ። አንድ ረፋድ ላይ ካርድ ክፍል በር ላይ ሰልፉ ተረብሾ፣ «ተራችሁን ጠብቁ!» እያልኩ ስጮህ፣ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «አቦ አታካብጂ!» አለኝ።

ማነው ይሄ ባለጌ ብዬ ዞርኩ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ምርኩዙም ተመልሶ መጥቷል።

«አንቺ» አለኝ። ቀስ አድርጎ ደገማት። «አንቺ፣ መጣሁልሽ እኮ።»

አፌን ከፈትኩ። ስድቡም ወቀሳውም፣ ስንት ወር ያጠራቀምኩት ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እንኳን ደህና መጡ» አልኩት።

ሰልፉ በሙሉ፣ አንቱ የተባለው ትልቅ ሰው የትኛው ነው ብሎ ዞረ።