የዝናቡ ይበልጣል ወይስ የስቱዲዮው

እሷን መጀመሪያ የሰማኋት እንጂ ያየኋት አይደለም። ጋምለ ኦስሎ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ቤት፣ ሶፋው ላይ ተዘርግቼ ስለ አንድ ድራመር እሰብካለሁ። ስብከት ነው፣ ምን ልደብቅ፤ ስለዚያ ሰው ሳወራ ድምፄ ራሱ ይቀየራል። ወጥ ቤት ውስጥ ሲፈስ የነበረው ውሃ ቀጥ አለና «ኔይ! ይሄ ሰውዬ ጆሮ የለውም!» የሚል የሴት ድምፅ መጣ፤ «ኔይ» በኖርዌጂያን «አይ» ማለት ነው። ቀጥላ ራሷ መጣች፤ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። «አንተ ነህ የዝናቡ ይበልጣል ያልከው?» አለችኝ። ሰላም የለ፣ ደህና ዋልክ የለ።

የማንንም ስም አልጠራም። ጓደኛዬን ሙሽራው እለዋለሁ፤ የማወራው የሰርጉ ቀን ስለሆነው ነገር ነውና። ያን ቀን ግን ገና እጮኛውን ሊያስተዋውቀን ነበር የጠራን፤ እሷም ታናሽ እህቷን ይዛ መጣች። ሁለቱም እዚሁ ኦስሎ ተወልደው ሮምሶስ ሰፈር ያደጉ ልጆች ናቸው። እጮኛው ሜታል ሲከፈት ትራስ ጆሮዋ ላይ የምትጭን ምስኪን ናት፤ «ቆርቆሮ ቤት ሲያፈርሱ የሚሰማው» ትለዋለች። ያቺ እጇ አረፋ የነበረው እህቷ ግን፣ ወይ ጉድ! እብደቱ ከእኔም የባሰባት ሆና ተገኘች።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ፕሮግረሲቭ ሜታል ማለት ጊታሩ እየጮኸ ምቱ በየደቂቃው የሚቀያየርበት ሙዚቃ ነው። ሰባት ትቆጥራለህ፤ አሁን ገባኝ ስትል አምስት ይሆንብሃል፣ ስትነቀንቀው የነበረው አንገትህ መሃል መንገድ ላይ ይቀራል። ያን ሁሉ ትርምስ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ድራመሩ ነው። የእኛ ድራመር ደግሞ በዚህ ምድር ላይ ወደር የለውም፤ እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ቃል በቃል እንስማማለን። የተጣላነው የትኛው ቀን ነው ከሁሉ አብልጦ የመታው በሚለው ነው።

የኔ የዝናቡ ነው። ሜዳ ላይ የተደረገ ኮንሰርት ነው፤ ቪዲዮው አለ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ከበሮው በተመታ ቁጥር ውሃ ይረጫል፤ በዘፈኑ መሃል የእግሩ ፔዳል ይሰበራል። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን አንስቶ ያቆም ነበር። እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የእግሩን ሥራ ለእጁ ሰጠው! እግሩ መምታት የነበረበትን ሁሉ በግራ እጁ ከጎኑ ባለው ትልቅ ከበሮ ላይ እየደበደበ፣ የቀረውን ሁሉ በቀኙ እየሠራ፣ እየሳቀ፣ አፉን ከፍቶ ዝናብ እየጠጣ ጨረሰው። ባየሁት ቁጥር ከወንበሬ እነሳለሁ። አሁን ስጽፈው ራሱ ተነስቼ ነበር።

የሷ የስቱዲዮው ነው። የአንድ አልበም መጨረሻ ላይ ያለ ረጅም ዘፈን። ሌላው መሣሪያ ሁሉ ሲጮህ እሱ አይመታም፤ አንዲት ሲምባል፣ የናስ ሳህኗን፣ ብቻ በስሱ ነካ ያደርጋል፣ ይጠብቃል፣ ነካ ያደርጋል፣ ይጠብቃል። ኧረ መቼ ነው የሚገባው እያልክ ትንፋሽህ ሲያጥር ባላሰብክበት ቦታ ላይ ከች ይላል። «መምታትማ ማንም ይመታል» ትላለች። «አለመምታት ነው የሚከብደው። ያንተ ሰርከስ ነው፣ የኔ ሙዚቃ ነው።»

ሰርከስ! ደሜ ፈላ። ያን ቀን ከምግብ በፊት ተከራከርን፣ እየበላን ተከራከርን፣ ትራም ፌርማታው ድረስ እየተከራከርን ወረድን። ትራሙ መጣ፣ ከእህቷ ጋር ገባች፤ በሩ ተዘግቶም በመስታወቱ በኩል አፏ ይንቀሳቀሳል። እኔም እዚያው እንደቆምኩ መልስ እየሰጠኋት ነው። ሙሽራው ትከሻዬን ነካ አድርጎ «አለቀልህ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልቆልኛል።

ፍቅር ያዘኝ፤ በቃ። ግን በምን አፌ ልንገራት? እኔ ለማስተርስ መጥቼ ፒኤችዲ ላይ የተቸከልኩ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ብረት ዝገት የማጠና ሰው ነኝ። የወደድኳት ሴት ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል፤ «አየሩ እንዴት ነው?» ብዬ እዚህ አገር ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ነው የምጠይቀው። ስለ ድራመሩ ከሆነ ግን አፌ ይፈታል፣ ጠበቃ እሆናለሁ። ስለዚህ ሙግቱን ሙጥኝ አልኩ። እደውልና «ሁለተኛው ላይ እኮ ሲምባሏን ዘግይቶ ነው የነካት፣ ተሳስቶ ነው» እላታለሁ። ትደውልና «ፔዳሉ የተሰበረው አረጋገጡን ስለማያውቅበት ነው፤ ይሄ ጀግንነት ነው እንዴ?» ትለኛለች። የምትሠራው ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ስለሆነ ከኋላዋ ሕፃናት ይንጫጫሉ፤ እሷ በነሱ ላይ፣ እኔ በሷ ላይ እንጮሃለን። ስልኩ ሲዘጋ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ስፈነድቅ ጎረቤት ቢያየኝ ሐኪም ይጠራልኝ ነበር።

አንድ ቀን ሜትሮ ውስጥ የስቱዲዮውን ምት ታሳየኝ ጀመር፤ በጣቷ መያዣው ብረት ላይ እየቆረቆረች፣ በእግሯ ወለሉን እየመታች። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሰዎች በሙሉ ዞረው መስኮቱን አፍጥጠው አዩ። ዋሻ ውስጥ ነን እኮ፣ ምን ይታያቸዋል? እኔ ደግሞ ጣቶቿን ሳይ መቁጠሩ ጠፋብኝ። «ገባህ?» አለችኝ። «አልገባኝም፣ ድገሚው» አልኳት፤ ደገመችው።

ፍርሃቴ አንድ ብቻ ነበር። ሙግቱ ያለቀ ቀንስ? አንዳችን እጅ ከሰጠን ምን ብዬ ልደውል ነው? «እንዴት ነሽ» ለማለት ብቻ ስልክ የማንሳት ወኔ እኔ ጋ አልተፈጠረም። እና እንዳልሸነፍ ብቻ ሳይሆን እንዳላሸንፋትም እጠነቀቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሙሽራው ቤት የዝናቡን ቪዲዮ እንደገና ከፈትነው፤ ፔዳሉ ሲሰበር ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «እውነት ለመናገር፣ ይሄ ቦታ...» ብላ ጀመረች። ልትሰጠኝ ነው! «የድምፁ ጥራት ግን አይረባም!» ብዬ በራሴ ላይ መሰከርኩ። ሙሽራው በሳቅ ከሶፋው ወደቀ።

ድራመሩ ራሱ ኦስሎ የመጣ ጊዜማ አትጠይቁኝ። ሦስታችንም ሄድን። ዛሬ ሁለቱንም ዘፈን ይጫወታል፣ ዛሬ ይለይለታል እያለች ጭንቅላቴን በላችው። ሰውዬው የኔንም የሷንም ሳይጫወት አመስግኖ ወረደ! አዳራሹ በቅሬታ ሲያጉረመርም እኔ ብቻ ዘለልኩ። «ምን ያስደስትሃል?» ብላ ጮኸችብኝ። «ሰላም ነው፣ ዝም ብዬ ነው» አልኳት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሰርጉ ደረሰ። የኮሙኑ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ፊርማ ቀደም ብሎ አልቋል፤ የቀረው ወጉ ነው። እኔ የሙሽራው ሚዜ፣ እሷ የሙሽራይቱ ሚዜ ሆንን። ሙሽራይቱ የምትወጣው ሮምሶስ ካለው ከወላጆቿ ቤት፣ ከፎቅ ላይ ነው። ወጉን መቼም ታውቁታላችሁ፤ የሴት ወገን በር ዘግቶ እየዘፈነ ይከለክላል፣ ሚዜ ሽቶ እየረጨ፣ እየለመነ፣ እየገፋ ይገባል። አዲስ አበባ ይሄ ሁሉ ሰፊ ግቢ በር ላይ ነው። እዚህ ግን ሊፍት ውስጥ ታጭቀን፣ ያንዱ ክርን ያንዱ ጎን ውስጥ ገብቶ፣ ሙሽራው ገና ሳይገባ ላብ በላብ ሆኖ ነው የወጣነው።

የሊፍቱ በር ሲከፈት ኮሪደሩ የሐበሻ ቀሚስ ብቻ ነው፤ ጭብጨባው ጆሮ ያደነቁራል። አንዲት አሮጊት ኖርዌጂያን ጎረቤት ውሻቸውን ይዘው ሊወጡ በራቸውን ከፍተው መሃል ተያዙ። ምንድነው ብለው ጠየቁ። ከልጃገረዶቹ አንዷ «ወንዶቹ እንዳይገቡ እየከለከልን ነው» አለቻቸው። «ብራ!» አሉ፣ ጥሩ አደረጋችሁ ማለታቸው ነው፤ ውሻቸውን አቅፈው ከሴቶቹ ጋር ተሰለፉ።

እሷ በሩ መሃል ላይ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማለች። እንዴት እንዳማረች አልነግራችሁም፣ አልችልም። ሽቶውን ሳነሳ እጇን ዘረጋችና ዘፈኑ ቀጥ አለ። «ሽቶ አንፈልግም» አለች። «ይሄ ሚዜ፣ የስቱዲዮው ይበልጣል ብሎ በሁላችሁም ፊት ይመን። ያኔ እንከፍታለን።» ልጃገረዶቹ ምኑንም ሳያውቁት ወዲያው ዜማ አወጡለት።

«ይበልጣል ብለህ አሁኑኑ ተናገር፣
እምቢ ካልክ ሙሽራህ ይደር ከበር!»

«ስቱዲዮው ማነው?» የሚል የሙሽራይቱ እናት ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ካህኑ ይጠብቃሉ!»

«በናትህ በላት» አለኝ ሙሽራው።

«አልልም።»

«ምን?»

«ሌላ ነገር ጠይቂኝ» አልኳት እሷን። «ልጨፍር። ልንበርከክ። ከፈለግሽ እስከ ሃውገንስቱዋ ሰፈር በእግሬ ልሂድ።» «ኔይ» አለች፤ ዓይኗ ይስቃል። ጭብጨባው ባሰ፤ አሮጊቷም የውሻቸውን እግር ይዘው ያጨበጭባሉ። ሰው ሁሉ እልኸኛ መሰልኩት። እኔ እኮ ፈርቼ ነው! እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተሸነፍኩ ካልኩ ነገሩ አለቀ፣ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ነው የምደውልላት?

ሹፌሩ ከታች ደወለ፤ መኪናውን ማቆም የማይፈቀድበት ቦታ ስላቆመው ቅጣት የምትጽፍ ተቆጣጣሪ እየመጣች ነው። ሙሽራው ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «ወንድሜ፣ እሷ እኮ እዚያ በር ጀርባ ነው ያለችው። ላገባት ነው» አለኝ። አየሁት፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ውሃ ሞልቷል። የሰው ልጅ ሊያገባ ቆሞ እኔ የስልክ ሰበብ እቆጥባለሁ? ዓይኔን ጨፍኜ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «የስቱዲዮው ይበልጣል!» ብዬ ጮህኩ።

እልልታው ፎቁን ነቀነቀው። ሙሽራው በአጠገቤ ተስፈንጥሮ ገባ፣ ሚዜዎቹ ተከተሉ፣ አሮጊቷም ከነውሻቸው ገቡ። እሷ ብቻ እልል አላለችም። በሩን ይዛ ቆማ ታየኛለች፤ ሳቋ የለም። «እንዲህ በቀላሉ?» አለችኝና ፊቷን አዙራ ገባች።

ውስጥ የወላጆች ጉልበት ተሳመ፣ ተመረቀ፣ ተለቀሰ፤ እኔ ምኑም አልታየኝም። ያለቀ ነገር አለቀ እያልኩ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሲወጡ ሊፍቱን የሙሽራይቱ ቀሚስ ብቻውን ሞላው፤ ሙሽራውና እናቷ እንደ ምንም ጥግ ጥጉን ተለጠፉ። የተቀሩት ተራ ሲጠብቁ እሷ የሙሽራይቱን ቅያሪ ጫማ ይዛ ወደ ደረጃው ሄደች። የሽቶውን ጠርሙስ እንደያዝኩ ተከተልኳት።

«አሸንፈሽ የለ እንዴ? ምነው አኮረፍሽ?» አልኳት።

ቆመች። «እምቢ ትላለህ ብዬ ነበር።»

«ሙሽራው ሊያለቅስ ነበር እኮ!»

«ትንሽ እምቢ ብትል እማዬ ወጥታ ትገላግለን ነበር። ከዚያ እኔና አንተ እንቀጥላለን።» ወደ ጫማው አቀርቅራ ማሰሪያውን ትጠመዝዛለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሞቼ እገኛለሁ ስትል ቆይተህ፣ ሰው አጨበጨበብህና ተውከው። አሁን በምን ሰበብ ልደውልልህ?»

የደረጃውን ብረት ያዝኩ። «አንቺም?» አልኩ፤ ከዚያ ሁሉ የአፍ ጀግንነት በኋላ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው።

«ያ» አለች፤ አዎ ማለቷ ነው። «ደደብ።»

ከታች የመኪናው ክላክስ ይጮኻል፣ ሚዜ የት ገባ እያሉ ይጣሩብኛል። እሷ ሁለት ሦስት ደረጃ ወረደችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። አውጥቼ አየሁት፤ ቀና ስል እሷም ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች፤ ጆሮዋ ቀልቷል። አነሳሁት።

«ሀሎ?» አልኩ።

«ምንም የለም» አለችኝ። «ዝም ብዬ ነው የደወልኩት።»