ከጉንጩ በተቀደደ ጎማ ወደ ራቤል

ንጋት፣ ሞላሌ

ከሞላሌ የወጣሁት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የምሠራበት የጤና ጣቢያ ቆርቆሮ በውርጭ ነጥቷል። ይርጋ ዓለም ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝና የመንዝን ኅዳር በሦስት ዓመትም አልለመድኩትም። ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ በላዩ ባና ተከናንቤ፣ የባለሞተር ብስክሌቷን ፔዳል ስመታ ሞተሯ እስኪነሣ ድረስ ብርዱም ለቀቀኝ። ዕለቱ የኅዳር ሚካኤል ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሳልፍ ወረድኩና ተሳልሜ፣ «ዛሬን ብቻ አድርሰኝ» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ከኋላዬ የበረዶ ሣጥን ታስሯል። ውስጡ የኩፍኝ ክትባት ነው። በረዶው ቢበዛ እስከ ማታ ይቆያል፤ ከቀለጠ መድኃኒቱ የማይረባ ውኃ ይሆናል። የምሄደው ግሼ ውስጥ፣ ራቤል ሳይደረስ ወዳለ ቀበሌ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የሚካኤልን ቀን ለክትባቱ የመረጠው እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ለንግሥ ስለሚመጡ ነው። ባለፈው ወር ጠርቷቸው ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁኝ ውለው ነበር። እኔ ግን የኋላ ጎማዬ ፈንድቶ ከመንገድ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ኩፍኙ ገብቶ ልጆች ሞተዋል። ዛሬም ከቀረሁ ለሦስተኛ ጊዜ የሚሰበሰብ እናት እንደማይኖር ሊቀ መንበሩ በደብዳቤ አስታውቆኛል። አልፈርድባቸውም።

ሁለት ሰዓት፣ ወደ መሐል ሜዳ

መንገዱ ድንጋይ ነው። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ የድንጋይ ቤት። የድንጋዩ ጠርዝ ስለት አለው፤ ዝናብ ጠርቦታል፣ የጭነት መኪና ሰባብሮታል። በዚህ መንገድ ላይ ጎማ የሚመርጥ ሰው መንገዱን አንድ ቀን እንኳ አይቶት ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የእኔን ጎማ የሰጠኝ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ግን ከወንበሩ ተነሥቶ አያውቅም። የፈነዳውን ለማስለወጥ አንድ ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተንገላትቼ ሄጄ በፊቱ ቆምኩ። ጥግ ላይ ወፋፍራም፣ ጠንካራ ጎማዎች እስከ ጣሪያው ተቆልለዋል፤ አቧራ ለብሰዋል።

«ከእነዚያ ስጡኝ» አልኩት።

«እነሱ ለአዲሶቹ ብስክሌቶች የተመደቡ ናቸው፣ ጓድ።»

«አዲሶቹ የት አሉ?»

«ፕላን ላይ ናቸው።»

«የእኔዋ መንገድ ላይ ናት።»

ሳቀ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «እህቴ፣ ጎማ ጎማ ነው። ከእነዚህ አዲሶቹ ውሰጂ፤ እንዴት እንደሚያብረቀርቁ አየሽ?»

ስስ ስሶቹን ከፊቴ ደረደረልኝ። እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ ባይ ነኝና ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ በአንድ አገላብጬ፣ ጥርሱ ጠለቅ ጠለቅ ያለውን መርጬ፣ ፈርሜ ወሰድኩ። አመስግኜውም ወጣሁ። ማመስገኔ ነው ዛሬ ይበልጥ የሚያናድደኝ።

መሐል ሜዳ ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ወርጄ ሳየው ጥርሱ እንዳለ ነው፤ አዲስ ነው። የተቀደደው ከጎኑ ነው፣ አንድ ጣት ያስገባል። ቀሪውን መንገድ ብስክሌቷን እየገፋሁ፣ በረዶዬ እየቀለጠ፣ እያለቀስኩ ሄድኩ። ያስለቀሰኝ ኀዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው።

አራት ሰዓት ተኩል፣ መሐል ሜዳ

ጎሚስታው ዘግቶ ለሚካኤል አገሩ ሄዷል። አንዲት ሴት «ጎማ ከሆነ አቶ ደጀኔ ዘንድ ሂጂ» አለችኝ። አቶ ደጀኔ በረባሶ ሠሪ ናቸው። አሮጌ የመኪና ጎማ ቆራርጠው ጫማ ሲያደርጉ ፀጉራቸው ሸብቷል። ነጭ ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ቢላቸው ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ ደጀኔ። ጎማ ተቀዶብኝ ነው።»

«አይቻለሁ፣ ከሩቅ ነው ያየሁት። ከጉንጩ ነው አይደል?»

«ጥርሱ እኮ ደኅና ነው።»

«ጥርሱን አይተሽ ነው የመረጥሽው?» አሉና ሳቁብኝ። «በቅሎ ስትገዢ ነው ጥርስ የምታዪው! እንዲህ ያዢው። እጠፊው። ተመልከቺ፣ እንደ ወረቀት ታጠፈ። አሁን ከውስጥ ያለውን የድር ንብርብር ቁጠሪ።»

«አንድ ነው።»

«አንድ ነው። የእኛ ድንጋይ ከጎን ነው የሚነክሰው። ለአስፋልት አንድ ድር ይበቃል፤ ለመንዝ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት። ደግሞ ጥፍርሽን ጫን አድርጊበት። ምልክቱ ቀረ አይደል? ደኅናው ጎማ መልሶ ይገፋሻል። ይኼን እኔ ለበረባሶ እንኳ አልቆርጠውም።»

ጥግ ላይ የተቆለሉት፣ አቧራ የለበሱት፣ ሞተር የሚጠብቁት ጎማዎች ትዝ አሉኝ። ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ ይጠግኑልኝ። በረዶው እየቀለጠ ነው፤ ልጆች ይሞታሉ።»

«ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ቢላ አላነሣም።»

«እኔም ክርስቲያን ነኝ።»

«እሱማ ማተብሽን አይቻለሁ። አባቴም በዛሬዋ ቀን አልቆረጠም፣ እኔም አልቆርጥም።»

እኔም ቤቴ ብሆን በበዓል የስፌት መርፌ አልይዝም፤ ክር አልበጥስም። ታዲያ በምን አፌ ልውቀሳቸው? ግን ወቀስኳቸው። ጮኼ ወቀስኳቸው፤ ግምጃ ቤት ላይ መጮኽ የነበረብኝን ሁሉ እዚያ ደጃፍ ላይ ጮኽኩት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣

«ጨረስሽ?» አሉኝ። «ቢላ አላነሣም አልኩ እንጂ አልረዳም አላልኩም። ትናንት የተቆረጠ ነገር አለ።»

ከቤት አንድ ጥንድ አዲስ በረባሶ አወጡ። ጠፍሩ ገና አልታሰረም። «ሶሉ ከትንሽ መኪና ጎማ ጉንጭ የወጣ ነው፤ ሁለት ድር አለው። ከተቀደደው በኩል ከውስጥ አግቢው። እጄ ዛሬ አይሠራም፤ አፌ ግን ሥራ አይደለም፣ እየነገርኩሽ ትሠሪያለሽ። ችግሩ ጫማው የመምሬ ነው፤ አሁን ሊወስዱት ይመጣሉ።»

መምሬ ወዲያው ደረሱ። ጥቁር በርኖስ የለበሱ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። አቶ ደጀኔ ነገሩን አስረዷቸው።

«የትኛውን ነው የፈለገችው?» አሉ መምሬ።

«አንዱን ብቻ ነው፣ አባ» አልኳቸው አፍሬ።

«የቀኙን ውሰጂ። የቀኝ እግሬ ኪንታሮት ስላለው ምንም ብጫማ ያመኛል።» ከዚያ የግራውን ተቀብለው ብብታቸው ውስጥ ከተቱ።

«አንዱን ምን ያደርጉታል?» አሏቸው አቶ ደጀኔ።

«አንተ ሌላውን እስክትሠራ መያዣ ነው። ትናንት ልትጨርስ ቃል የገባኸው አንተ አይደለህም?»

ቁጭ ብዬ ቸርኬውን ፈታሁ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ካላማዳሪያውን፣ በማስቲሽ ለጠፍኩ፣ ሶሉን ከተቀደደው ሥር አስገባሁ። «ቀስ!» «አልደረቀም፣ አትቸኩይ!» «ሻካራው ፊት ወደ ውጭ!» ይሉኛል አቶ ደጀኔ እጃቸውን አጣጥፈው። መምሬ ባርከውኝ ሄዱ። ስጨርስ ስድስት ሰዓት አልፏል፤ እጄ ጥቁር ነው፣ ባናዬም።

ስምንት ሰዓት፣ ከመሐል ሜዳ ወዲያ

የጓሳውን ሣር ነፋስ አስተኝቶታል። ረጅሙ የጅባራ ተክል እንደ ዘብ ቆሟል። ጭላዳዎች ከገደሉ አፍ ሆነው ያዩኛል። የኋላው ጎማ በዞረ ቁጥር ሶሉ ያለበት ቦታ ከመቀመጫዬ ይመታኛል፤ ዱብ፣ ዱብ። በየምቱ ያን ሰው በልቤ እረግማለሁ። በሚካኤል ቀን መርገም ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ ለንስሓ አባቴ እናገራለሁ። አሁን ግን ተናድጃለሁ፣ ንዴቴም ገና አልወጣልኝም። ሁለት ጊዜ ወርጄ ሣጥኑን ከፈትኩ። በረዶው ከግማሽ በታች ሆኗል፤ ጠርሙሶቹ ግን ይቀዘቅዛሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ግሼ

ታቦቱ ገብቷል፤ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች መስክ ላይ ተቀምጦ ዳቦና ጠላ ይካፈላል። ሞተሯን ሲሰሙ ዞሩ። ሊቀ መንበሩ ሮጦ መጥቶ «አልቀረችም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ እጄን ታጠብኩ፣ መርፌ ቀቀልኩ፣ ክንድ ጠረግሁ። ልጆቹ አለቀሱ፣ እናቶቹ ሣቁ። በረዶው ሳያልቅ መድኃኒቱ አለቀ።

አንዲት ሴት ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ ቆማ ታያለች። ጥቁር ለብሳለች። ልጅ አልያዘችም፤ የሌሎችን ልጆች እግር ትይዝልኛለች፣ ሲያለቅሱ ታባብላለች። የመጨረሻው ልጅ ከተወጋ በኋላ ዕቃዬን ሳስር ረዳችኝና በዝግታ ጠየቀችኝ።

«ባለፈው ወር ምን ሆነሽ ነው የቀረሽው? ታመሽ ነበር?»

ታምሜ ነበር ብላት ይቅር ትለኝ ነበር፤ ከፊቷ ላይ አይቻለሁ። መዋሸት ግን አልቻልኩም።

«አልታመምኩም፣ እቴ። ጎማ ፈነዳብኝ። መለወጫ አልነበረኝም።»

ወደ ብስክሌቷ ሄደች። ጎንበስ ብላ የኋላውን ጎማ ነካችው። ከተቀደደው በኩል ጣቷን አስገብታ የመምሬን ሶል ዳሰሰችው።

«የፈነዳው ይኼ ነው?» አለችኝ።

«የእሱ ምትክ ነው» አልኳት።