ሦስት ካልወጣ ሁለት አይገባም

አንጁሎ ሶዶ ውስጥ የአንድ ክሊኒክ ዘበኛ ነው። ሥራው ሰው መከልከል፣ ችግሩም ሰው መከልከል አለመቻሉ ነው። የአንድ ሰው እግር ሲሰበር ከጉኑኖ አርባ ዘመድ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። ክፍሎቹ ስለሚጨናነቁ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል፤ ሦስተኛው ደብዳቤ ማሰናበቻ ነው።

ሚስቱ አስካለች ልጅ እያጠባች ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ታጠናለች። እሑድ ምሳ ላይ ባዮሎጂዋን አነበበችለት። ሴል ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ላይ በር የሚጠብቁ ፕሮቲኖች አሉ፤ አንዱ ሦስት ሶዲየም ያስወጣና ሁለት ፖታሲየም ያስገባል።

"ሳያርፍ?" አለ አንጁሎ።

"ሳያርፍ።"

"ደመወዙስ?"

"ኤቲፒ የሚባል የኃይል ምግብ ይበላል።"

"የታደለ!"

ሰኞ ለማ የሚባል የጉኑኖ ሰው እግሩ ተሰብሮ አርባው ዘመድ ደረሰ። አንጁሎ በሩን ይዞ "ሦስት ካልወጣ ሁለት አይገባም!" አለ።

"አንተ! ፍየል ነን የምትቆጥረን?" አሉት የለማ አክስት።

"ፍየልማ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፣ እማማ።"

እስከ ስድስት ሰዓት ውስጡ ጸጥ አለ። ዳይሬክተሩ ዶክተር ኢሳይያስ "ጎበዝ!" ብለውት ከሁለት ነርሶች ጋር ለምሳ ወጡ። አንጁሎ ቆጠራቸው፤ ልክ ሦስት። የለማን ሁለት አጎቶች አስገባ።

ዶክተሩና ነርሶቹ ሲመለሱ በሩ አልተከፈተም።

"ሦስት ሰው ይውጣልኝና፣ ዶክተር።"

"ውስጥ ማን አለ?"

"ሁለት አጎቶች። የቀረው አልጋ ላይ ነው።"

"ክፈት! አለዚያ ሦስተኛውን ደብዳቤ አሁኑኑ እጽፍልሃለሁ!"

"ማኅተሙ ውስጥ ነው፣ ዶክተር።"

ይህን ብሎ ግን ማሰናበቻው ትዝ አለው። ስልክ አውጥቶ አስካለች ጋ ደወለ። "አንቺ፣ የወጣው ሶዲየም እንዴት ነው የሚመለሰው?"

ገጽ ስትገልጥ ተሰማው። "በሌላ ፕሮቲን። ውጭ ስለሚበዛ ራሱ እየተጋፋ ይገባል፤ ግን ስኳር አብሮት ካልገባ አያሳልፈውም።"

አንጁሎ ዞረ። "ዶክተር፣ ስኳር ይዘው ይግቡ።"

ዶክተሩ በሩን አዩ፣ አርባውን ዘመድ አዩ፣ ከዚያ ወደ ሱቁ ሄደው ግማሽ ኪሎ ገዙ። ነርሶቹም ገዙ። ዘመድ ሁሉ ሱቁ ላይ ተሰለፈ፤ ስኳር የገዛው በየተራው አንድ በአንድ እየገባ ሲወጣ ግፊያ ጠፋ። ክሊኒኩ ስኳር አልቆበት ወር ሙሉ መራራ ሻይ የጠጡት በሽተኞች ከየአልጋቸው አመሰገኑ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተሰጠው። ሊከፍተው አልደፈረም፤ ቤት ወስዶ ለአስካለች ሰጣት።

"ከነገ ጀምሮ ጠያቂ ሁሉ ስኳር ይዞ ይግባ፤ በሩንም አንጁሎ ይጠብቅ። ይህ ትእዛዝ ዳይሬክተሩን አይመለከትም ይላል።"

አንጁሎ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ደብዳቤውን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

"ስለ ኤቲፒ ምንም አይልም?"